አንተ በመጣህ ቀን

ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። እሷ ግን ጓንት አድርጋ አታውቅም፤ የራሷ ምክንያት ነበራት። ከቤቷ በር እስከ መንገዱ ማዕዘን ድረስ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ትመጣና፣ እሱ ጋ ስትደርስ ሰላም እንኳ ሳትለው ቀኝ እጇን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ትከታለች። እዚያ የእሱ እጅ ይጠብቃታል። ከዚያ እስከ ቢሮዋ ያለው መንገድ አጭር ነው። እጥፍ ቢሆንም ኖሮ አጭር ነበር።

"ደሞ ቫኒላ ቫኒላ ትሸታለህ" ትለዋለች።

"ታጥቤ ነው የመጣሁት።"

"አስጠላኝ መች ወጣኝ? ሸተትከኝ ነው ያልኩት።"

እሱ ይስቅና መሬት መሬት ያያል። ብዙ መናገር የማይሆንለት ሰው ነበር። በሚሠራበት ኬክ ቤት ስሙን የሚጠራው የለም፤ ከንጋት በፊት ገብቶ ስኳር የሚያፈላው እሱ ስለሆነ ሁሉም "ሽሮፕ" ነው የሚለው። ሽሮፑ ይፈላል፣ ክሬሙ ይመታል፣ ኬኮቹ ላይ የዱቄት ስኳር በወንፊት ይነፋል። ትሪዎቹ ወደ መደርደሪያው ሲወጡ ትንሽ እረፍት አለው። ያኔ ሽርጡን አውልቆ፣ እጁን ታጥቦ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ካፖርቱን ከምስማሩ ላይ ነጥቆ ይሮጣል። ሥራ የሚበዛበት ቀን ግን መውጣት አይችልም። በዚያን ቀን አባቷ በመኪና ያደርሷታል።

አባቷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። የተዋወቁትም በእሳቸው ምክንያት ነው። ለጡረታቸው መሸኛ ኬክ ልታዝ መጥታ፣ የምትፈልገውን ቅርጽ በእርሳስ ወረቀት ላይ ሳለችለት፤ የሕንፃ ንድፍ የምትሠራ ልጅ ናት። ሽሮፕ ቅመሺ ብሎ ቁራሽ ሲዘረጋላት "እኔ ስኳር አለብኝ፤ ዓይኔ ግን ምንም የለበትም፣ ልየው" አለችው። ያን ቀን ኬኩን እንደዚያ አሳምሮ የሠራው ለዳኛው ብሎ አይደለም።

ስኳሩ ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት ያደገ ነው። ቁርሷን የምትበላው ቢሮ ስለሆነ ጠዋት የምትለካውም፣ መርፌዋን የምትወጋውም እዚያው ነው። ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች፣ ጣቷን አልኮል በነካ ጥጥ ትጠርጋለች፣ ትወጋለች፣ ከዚያ የመለኪያዋ መስኮት ላይ የሚወጣውን ቁጥር ትጠብቃለች። አንዳንዴ ቁጥሩ ልክ ነው። አንዳንዴ ደግሞ፣ ማታ እንደ ሌላው ቀን በልታ፣ እንደ ሌላው ቀን ተኝታ፣ ቁጥሩ ሰማይ ይነካል።

አንድ ጠዋት እንዲሁ ሰማይ ነካ። ሽሮፕ ከቢሮዋ በር አድርሷት መሄዱ ነበር። መርፌዋን ጨመር አድርጋ ወጋች፤ ሐኪሟ ከፍ ሲል እንዲህ አድርጊ ያላት ነው። ረፋዱ ላይ እጇ ይንቀጠቀጥ፣ ግንባሯን ላብ ያሰጥመው ጀመር። ስኳሯ ከፍ ያለ መስሏት ውኃ ጠጣች። ቀጥሎ የምታስታውሰው ጉንጯ ንድፉ ላይ ማረፉንና የወረቀቱን ቅዝቃዜ ብቻ ነው። ስኳሯ እስከ መጨረሻው ወርዶ ነበር። ባልደረቦቿ አፋፍሰው ሆስፒታል አደረሷት።

ሽሮፕ ይህን የሰማው በማግስቱ ከቢሮዋ ዘበኛ ነው። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሲደርስ ዳኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት። ጢማቸውን አልተላጩም።

"ተርፋለች" አሉት ገና ሳይጠይቃቸው። "ቁጭ በል። አንድ ነገር ልጠይቅህ።"

"ይጠይቁኝ ጋሼ።"

"በእኔ መኪና በሄደች ቀን የጠዋት ስኳሯ ደህና ነው። ካንተ ጋር በእግሯ በሄደች ቀን ሰማይ ይደርሳል። ይህንን ታውቃለህ?"

አያውቅም ነበር።

"መራመድ ስኳር ያወርዳል እንጂ አይጨምርም ይላል ሐኪሙ። ግራ ገብቶታል። ታዲያ ድንጋጤና ጭንቀት ይጨምራሉ ብሎኛል። እኔ ደግሞ ደስታም ልብን ካናወጠ ያው ነው እላለሁ። ሳስበው፣ አንተን ስታይ ደሟ የሚፈላ ይመስለኛል።" ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። "ክፉ ሰው ነህ አላልኩም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።"

ሽሮፕ ከወንበሩ ተነሣ። ከሆስፒታሉ ሲወጣ፣ ሰው መውደድ ያሳፍራል እንዴ ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ አፍሮ ነበር።

እሷ ከሆስፒታል ወጥታ ሥራ የጀመረች ዕለት ማዕዘኑ ላይ ቆሞ ጠበቃት። መጣች። እጇን ግን ከብብቷ አላወጣችም።

"ዛሬ አባዬ ያደርሰኛል" አለች። መኪናው ራቅ ብሎ ቆሟል። "ልነግርህ ብዬ ነው የወረድኩት። አንተ በመጣህ ቀን ስኳሬ ይጨምራል።"

"ጋሼ ነግረውኛል።"

"እሱ ስለነገረህ አይደለም። እኔም አይቼዋለሁ። አንተ ባለህበት ቀን ሁሉ ነው፤ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። ምን ላድርግ? ልቤን እንዴት ብዬ ዝም ላሰኘው?"

ዓይኗ ቀልቷል፤ እሱ ግን ዓይኗን አላየም። ያየው መኪናውን ነው፤ ንጹሑን መስታወት፣ ከመስታወቱ ጀርባ ያሉትን ዳኛ፣ ከዚያ ደግሞ የራሱ ጫማ ላይ የደረቀውን ሊጥ። ዝምተኛ ሰው ሲናደድ የሚናገረው ክፉ ነው።

"ኬክ ጋጋሪ ነህ በይኝና ይለቅልኝ። አባቴ አይፈልግህም በይኝ፤ ይገባኛል። ስኳሬን ታበዛለህ ማለት ግን ምን ማለት ነው? እንዲህ ያለ ምክንያት ደግሞ ተሰምቶ ያውቃል?"

"ውሸቴን ነው የሚመስልህ?"

"እኔ እንጃ።"

ሁለት ቃል ናት። እሷ ግን በጥፊ እንደተመታ ሰው ፊቷን ወደ ጎን መለሰች። ትንሽ ቆማ አየችው፤ የሚመልሳት ቃል ትጠብቅ ነበር። እሱ ወደ ጫማው አቀረቀረ። መኪናው ሲሄድ የኋላ መስታወቱ ውስጥ የጭንቅላቷን ጀርባ ብቻ አየ። ያን ቀን ብርዱ እስከ አጥንቱ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ማዕዘኑ ላይ አልቆመም። ሥራ ሥራውን አለ፤ ሥራው ግን እሱን እሱን አላለውም። አንድ ጠዋት ሽሮፑን ምድጃ ላይ ረስቶ ኬክ ቤቱ በጭስ ታፈነ።

"ጉድ በሉ! ሽሮፕ ሽሮፕ አሳረረ!" ብላ ጮኸች የኬክ ቤቱ ባለቤት፤ እትዬ ነው የሚሏት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳቅ ነበር። ፊቱን አይታ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አንተ ልጅ፣ ሂድና በልልኝ የምትለው ነገር ካለ እኔ ልሂድልህ። አፌ እንደሆነ እንዳንተ አልተሰፋም።"

"የለም እትዬ። ምንም የለም።"

"ምንም የሌለው ሰው ድስት አያሳርርም።"

ምግብ የሚነካ ሠራተኛ ሁሉ በየጊዜው የጤና ምርመራ አለበት። የእነሱ ተራ ሲደርስ ከሥራ እንደወጡ፣ ሽርጣቸውን ብቻ አውልቀው፣ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። ነርሷ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያስቀመጠች ትልቅ ሴት ናት። አክታ አለች፣ ሽንት አለች፣ በመጨረሻ "እስቲ ስኳርህንም ልየው" ብላ ጣቱን በጥጥ ጠርጋ ወጋችው። ቁጥሩን አየች። መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ እንደገና አየች።

"ወንድሜ፣ ስኳር እንዳለብህ ታውቃለህ?"

"እኔ?"

"አንተ ነህ እንጂ ሌላ ማን አለ እዚህ? በጣም ከፍተኛ ነው። ውኃ ይጠማሃል? ትከሳለህ?"

ከስቷል። በዚያች ቅጽበት የተሰማውን ነገር ለማንም አይናገረውም፤ ደስ አለው። የእሷ በሽታ የእሱም ከሆነ ማን ይለያቸዋል? አንድ መለኪያ፣ አንድ መርፌ፣ አንድ ዓይነት ፍርሃት። ከእንግዲህ ኬክ ጋጋሪና የዳኛ ልጅ አይደሉም፤ ሁለት የስኳር በሽተኞች ናቸው። ሰው በሽታ ተመኝቶ ደስ ይለዋል? ይለዋል። ሽሮፕን አለው።

"ይኼ ሰውዬ ፈገግ ይላል እንዴ! እኔ እንዲህ ያለ በሽተኛ አይቼ አላውቅም" አለች ነርሷ። ቀጥላ አሸተተችው። "ሥራህ ምንድን ነው አልከኝ?"

"ኬክ ቤት።"

"አይ የኔ ነገር! ተነሥ፣ እዚያ ቧንቧ ጋ ሂድና በሳሙና ታጠብ። ጥፍርህ ሥር ሳይቀር እሸው።"

"በአልኮል ጠርገሽው የለም እንዴ?"

"ጥጥ አንዴ ቢያልፍበት ስኳር ይለቃል? ጣትህ ላይ ስኳር ካለ መለኪያው የደምህን ከሌላው አይለይም፤ ደምሮ ነው የሚነግርህ። ምነው፣ ስንቱ ብርቱካን ልጦ መጥቶ አስደንግጦኛል መሰለህ!"

ታጥቦ ተመለሰ። ነርሷ ሌላ ጣቱን ወጋች። ቁጥሩ የጤነኛ ሰው ቁጥር ነበር።

"በል እንኳን ደስ አለህ፣ ምንም የለብህም" አለችው። ሽሮፕ ግን አመድ መስሏል። "ይኼ ሰው በሽታ ስሰጠው ይስቃል፣ ጤና ስሰጠው ይደነግጣል!" እያለች ቀጣዩን ጠራች።

በረንዳው ላይ ወጥቶ ቆመ። ካፖርቱ የዱቄት ስኳር ከሚነፋበት ወንፊት አጠገብ፣ ምስማሩ ላይ ነው የሚውለው። እጁን ሁልጊዜ ይታጠባል፤ ኪሱን ግን ማን ያጥባል? ጣቱን ወደ ለበሰው ካፖርት ቀኝ ኪስ ሰደደ፣ የስፌቱን ጥግ ዳሰሰ፣ አውጥቶ ምላሱ ላይ አደረገው።

ጣፋጭ ነበር። በሕይወቱ እንደዚያ የመረረው ነገር አልቀመሰም።

ሳይተኛ አነጋ። ቢናገር ምን ሊል ነው? ልቧ እንዳልበደላት ይነግራታል፤ ግን በዚያው አፉ ልትሞት የደረሰችው የእሱ ኪስ ባሳያት የሐሰት ቁጥር መርፌ ጨምራ መሆኑን ይነግራታል። ዝም ቢል ደግሞ እሷ ከእሱ ርቃ በሰላም ትኖራለች፣ የራሷን ልብ እየፈራች። ለእሱ ዝምታ ቀላል ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት ነው። የሁለቱም የእረፍት ቀን ነበርና ቁርስ ሳትበላ ልድረስ ብሎ ገና ማለዳ የዳኛውን በር አንኳኳ።

ዳኛው ራሳቸው ከፈቱ።

"ምን ልትል መጣህ?"

"ጥፋቱ የኔ መሆኑን ልነግርዎ ነው ጋሼ። የልቧ አይደለም። የኪሴ ነው።"

ዳኛው ሰክሮ እንደሆነ ለማጣራት ይመስል ዓይኑን አዩት። ከበስተጀርባቸው እሷ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ብቅ አለች። ፀጉሯ አልተበጠረም። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

"ግባ" አለች።

ምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። ወንፊቱን፣ ምስማሩን፣ ነርሷን። ደስ ያለውን ብቻ ዘለለው። ሲጨርስ ከግንባሩ ላብ ይወርድ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም።

ዳኛው ካፖርቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። "ቃል ብቻ ነው ይኼ" አሉ።

"ካፖርቱን አላጠብኩትም። ለዚያ ብዬ ነው ለብሼው የመጣሁት።"

"እንግዲያው እሱ ይመስክራ" አለች እሷ። ቀልድ ነበር፤ እሷ ራሷ ግን አልሳቀችም።

ካፖርቱን አውልቆ ዘረጋላት። ቀኝ እጇን ወደ ኪሱ ከተተች። ኪሱ ባዶ ነበር፤ ጣቶቿ የለመዱትን ሲፈልጉ ሽሮፕ ከውጭ ሆኖ በጨርቁ ላይ አየ። እጇን አወጣች። እንደ ሁልጊዜዋ በጥጥ ጠረገች፣ ወጋች፣ ለካች።

"ሦስት መቶ አርባ።"

ዳኛው ወንበር ሳቡ።

ወደ ቧንቧው ሄደች። ሳሙናው ሲፋተግ ይሰማል። ተመለሰች፣ በንጹሕ ፎጣ አደረቀች፣ ሌላ ጣቷን ወጋች። ሽሮፕ በሆዱ ጸለየ። ቁጥሩ ልክ ይሁን፣ ነርሷ ጋ እንደወጣው ይሁን፣ ሁሉም ነገር እዚህ ይለቅ።

"መቶ ዘጠና።"

"ወርዷል" አሉ ዳኛው።

"ወርዷል። ደህና ግን አይደለም።"

"እኮ ለምን? ታጥበሽ የለም እንዴ? ማታ አብረን አይደል የበላነው?" ዳኛው ወደ ሽሮፕ ዞሩ፤ ከልምድ ነበር። የሚጠየቅ ሰው አጥተው እንደገና ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ታዲያ ይህኛውስ የማን ነው?"

"የማንም አይደለም አባዬ።" መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ሊነጋ ሲል ሰውነት ሊነቃ ብሎ ከራሱ ስኳር ይለቃል። የሌላው ሰው ሰውነት ይመልሰዋል፣ የኔ አይመልሰውም። አንዳንድ ቀን ትንሽ ነው፣ አንዳንድ ቀን ብዙ። ሐኪሙ ነግሮናል እኮ። አንተ አልሰማኸውም፤ እኔም መስማት አልፈለግኩም።"

"በእኔ መኪና በሄድሽ ቀንስ? ደህና ነው ትዪኝ የለም እንዴ?"

"ደህና ያልሆነበትም ቀን ነበር። እንዳትደነግጥ ብዬ ደህና ነው እልሃለሁ።"

እሷ ወደ ሽሮፕ ዞረች፤ ዓይኗ ሞልቶ ነበር።

"አባዬ ምክንያቱ አንተ ነህ ሲለኝ ምን ተሰማኝ መሰለህ? አረፍኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ በየጠዋቱ ምን አጠፋሁ፣ ምን በላሁ እያልኩ ራሴን ስመረምር ኖርኩ። በመጨረሻ ስም ያለው፣ መልክ ያለው ምክንያት አገኘሁ። አንተን መተው ከባድ ነበር። ያለ ምክንያት መኖር ግን ይብስ ነበር። ይኼው፣ እውነቱ ይኼ ነው። በድዬሃለሁ።"

"ልገድልሽ ነበር" አለ ሽሮፕ።

"ነበር" አለች። አላስተባበለችም፣ አላጽናናችውም። "ሆን ብለህ አይደለም። ግን ነበር። እኔም ያን ቀን 'እኔ እንጃ' ስትለኝ በቁሜ ሞቼ ነበር። ሁለታችንም አንርሳው።"

"አልረሳውም።"

"ካፖርትህን ማጠብ ትችላለህ፤ እኔም እጄን። እሱ ቀላል ነው። ይቺን መቶ ዘጠና ግን አታጥባትም።" በጣቷ መለኪያውን ነካችው። "ሁሉን ነገር ልክ አድርገን አድረን እንዲህ ከፍ ብሎ የሚጠብቀን ጠዋት ይመጣል። ወርዶ የሚያስደነግጠንም ይመጣል። የሚወቀስ ሰው ትፈልጋለህ፣ አታገኝም። ትችለዋለህ?"

እችላለሁ ሊል አፉን ከፈተ። እንዲያ ማለት ቀላል ነበር፤ እሷም የምትጠብቀው ይሆናል። ግን ኮሪደሩ ላይ ጢማቸውን ሳይላጩ የተቀመጡት አባት ትዝ አሉት። ያን ቀን በፊታቸው ላይ ያየውን አሁን ነው የተረዳው፤ ቁጣ አልነበረም። ፍርሃት ነበር፤ የሚይዘውን ያጣ ፍርሃት።

"እንጃ" አለ። ደነገጠ፤ ቶሎ ብሎ ቀጠለ። "መፍራቴ አይቀርም። በየጠዋቱ ነው የምፈራው። ብቻዬን እዚያ ሽሮፕ እያማሰልኩ ከምፈራ ግን፣ አጠገብሽ ሆኜ ልፍራ።"

አለቀሰች። ድምፅ የሌለው፣ ትከሻዋን ብቻ የሚያናውጥ ለቅሶ ነበር። አላቀፋትም፤ አባቷ ፊት አልደፈረም። እሷ ግን ግንባሯን መጥታ ደረቱ ላይ አሳረፈች፣ እዚያው አባቷ ፊት።

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መርፌሽን ተወጊ" አሉ ቀስ ብለው። "ሊመሽብሽ ነው።"

"ገና ጠዋት ነው እኮ አባዬ።"

"አውቃለሁ። ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው።"

ተወጋች። መድኃኒቱ እስኪደርስ ድረስ ትንሽ መጠበቅ አለባት፤ ከዚያ በፊት መብላት የለባትም። ዳኛው ዳቦውን ቆርሰው ነበር፤ እጃቸው አፋቸው ሳይደርስ ቆመ። ለስንት ዓመት በእረፍት ቀን ከእሷ ጋር ቁርስ ሲቀርቡ፣ እሷ ስትጠብቅ እሳቸው በልተው ይጨርሱ ነበር። ቁራሹን መልሰው ሳህኑ ላይ አኖሩት። ለሽሮፕ ወንበር በእግራቸው ገፋ አደረጉለት።

"ቁጭ በል ልጄ። አብረን እንጠብቅ።"

ሽሮፕ ተቀመጠ። ዳቦው ፊታቸው ላይ ቀዘቀዘ። ማንም አልበላም፤ ማንም ሰዓት አላየም። እሷ አንዴ አባቷን፣ አንዴ እሱን አየች። መቶ ዘጠናው መለኪያው ላይ ጠፍቶ መስኮቱ ጨልሟል፤ ምን ላይ እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ሽሮፕ ፈራ። ፍርሃቱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሦስት ተካፍሎ ደረሰው፤ ያን ያህል እንደሚቀል አያውቅም ነበር።